የናሽናልስ የ2019 ዋንጫ በሎተሪ የተገኘ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «በሎተሪ የወጣ ዋንጫ» የሚል ጽሑፍ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በምንኖር አበሾች ስልክ ላይ ሲዘዋወር ነበር። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የዋሽንግተን ናሽናልስ የቤዝቦል ቡድን በ2019 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያነሳው የወርልድ ሲሪስ፣ ማለት የአሜሪካ ቤዝቦል የፍጻሜ ግጥሚያ፣ ዋንጫ አይገባውም ነበር ይላሉ። ቡድኑ ዓመቱን በሽንፈት ጀመረ፣ ምድቡን እንኳ አላሸነፈም፣ ቡልፔኑ (ተቀያሪ ወርዋሪዎቹ) መሳቂያ ነበር፣ በፕሌይኦፉ (በጥሎ ማለፉ) ዕድል አዝሎት ሄደ፣ ተጋጣሚው ሂዩስተን አጭበርባሪ ነበር፣ በኋላም ተንኮታኩቶ ቀረ። በመሃል ደግሞ «ይህ ጨዋታ ለኛ ለሐበሾች ምናችንም አይደለም» የሚል አንቀጽ ጣል አድርገዋል።

ጸሐፊው እግር ኳስ አዋቂ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ቤዝቦልን በፕሪሚየር ሊግ ሚዛን መዝነውታል። ያነሷቸው ቁጥሮች አብዛኞቹ ትክክል ናቸው። ከቁጥሮቹ ያወጡት ፍርድ ግን ጨዋታውን አያውቀውም።

ከጅማሬው እንነሳ። በሜይ 23 ናሽናልስ ኒውዮርክ ላይ በሜትስ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተረትቶ ሲወጣ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ዛሬ ይባረራል ነገ ይባረራል የሚባልበት ሰሞን ነበር። ጸሐፊው «እውነተኛው ናሽናልስ ይኸኛው ነው፤ የኋላው ማስመሰል ነው» ይላሉ። 50ው ጨዋታ እውነት፣ የቀሩት 112 ደግሞ ማስመሰል የሚሆኑት በምን ሕግ እንደሆነ ግን አላስረዱንም። በእነዚያ 112 ጨዋታዎች ቡድኑ 74 አሸንፎ የተሸነፈው 38 ብቻ ነው። ይህን አካሄድ በሙሉው የ162 ጨዋታ ዓመት ላይ ብታሰሉት 107 ድል ይመጣል። 107 ማለት በዚያ ዓመት ከሁሉም ቡድኖች በላይ ያሸነፈው የሂዩስተን አስትሮስ ውጤት ነው።

መጥፎው ጅማሬም ያለ ምክንያት አልመጣም። ትሬይ ተርነር ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ኳስ ጣቱን ሰብሮት እስከ ሜይ አጋማሽ አልተጫወተም። አንተኒ ሬንዶንና ኋን ሶቶም በየተራ ተጎድተው ወጥተው ነበር። ጨዋታ እንዲዘጋ የተቀጠረው ትሬቨር ሮዘንታል በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎቹ አንድም ተጫዋች ማስወጣት ሳይችል ሰባት ነጥብ ተቆጠረበት። እንዲህ ያለ አጀማመር እኔ ሌላ አላየሁም። የወርዋሪዎቹ አሰልጣኝ በሜይ መጀመሪያ ተባረረ፣ ሮዘንታልም በጁን ተሰናበተ። የተጎዱት ተመለሱ፣ ያልሆነው ሄደ፣ ቡድኑም ማሸነፍ ጀመረ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ዘለውታል።

ከድልና ከሽንፈት ቆጠራ ይልቅ የቡድንን አቅም የሚያሳይ ሌላ ቁጥር አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ያስቆጠረው ነጥብ ከተቆጠረበት ሲቀነስ የሚቀረው። ናሽናልስ 873 አስቆጥሮ 724 ተቆጠረበት፤ 149 ትርፍ። በተለመደው ስሌት እንዲህ ያለ ትርፍ 95 ድል ያህል ያመጣል። ናሽናልስ ያገኘው 93 ነው። እንግዲህ በመደበኛው ውድድር ዕድል ከቡድኑ ላይ ወሰደች እንጂ አልጨመረችለትም።

«ምድቡን እንኳ ያላሸነፈ ቡድን እንዴት የዓለም ሻምፒዮን ይባላል?» የሚለው ሁለተኛው ነጥባቸው ነው። እውነት ነው፣ ምድቡን አትላንታ ብሬቭስ በ97 ድል ወሰደው፣ ናሽናልስ በዋይልድ ካርድ፣ ማለት ምድባቸውን ላላሸነፉ ጥሩ ቡድኖች በሚሰጠው ቦታ፣ ገባ። ይህ ግን ማንም የማያውቀው የጓሮ በር አይደለም፤ በ1997 እና በ2003 የፍሎሪዳ ማርሊንስ፣ በ2004 የቦስተን ሬድ ሶክስ፣ በ2014 የሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ በዚሁ በር ገብተው ዋንጫ አንስተዋል። ቦስተን በ2004 ያገኘውን ዋንጫ «ምድቡን ያሸነፈው ያንኪስ ነበርና ይመለስ» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ይልቅ ጸሐፊው ያላነሱት የናሽናልስ ታሪክ አለ። በ2012 98፣ በ2014 96፣ በ2016 95፣ በ2017 97 ጨዋታ አሸንፎ አራቱንም ጊዜ ምድቡን አሸንፏል። አራቱንም ጊዜ በፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ዙር ተሰናብቷል። ያኔ ከተማው በሙሉ «ትልቅ ጨዋታ ላይ የሚፈራ ቡድን» ብሎ ሲሰድበው ከርሟል። ትልቅ ጨዋታ ማሸነፍ ሲጀምር ደግሞ «ዋናው ትልቁ ጨዋታ ሳይሆን ምድቡ ነበር» ማለት መጣ። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር አይቻልም። በእግር ኳስ ሊጉን ያሸነፈ ሻምፒዮን ነው፤ የጥሎ ማለፉ ዋንጫ ለብቻው ይቆጠራል። በአሜሪካ ቤዝቦል ግን ረጅሙ ውድድር መግቢያ ትኬት ነው፣ ዋንጫው በኦክቶበር ይወሰናል። ቡድኑም የሚገነባው ይህ ታስቦ ነው። ይህን ካልያዝን የሚቀጥለው ነጥብ አይገባንም።

የሚቀጥለው ነጥብ ቡልፔኑ ነው፤ ጸሐፊው ከሁሉ የረዘመውን አንቀጽ የሰጡት ለዚህ ነው፣ እኔም እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ለማያውቅ፣ ቡልፔን የሚባሉት ጨዋታውን የከፈተው ወርዋሪ ሲደክም ተቀይረው የሚገቡት ናቸው። የናሽናልስ ቡልፔን በ2019 በየ9 ኢኒንጉ (ኢኒንግ ጨዋታው የሚከፈልበት ዙር ነው፤ አንድ ጨዋታ ዘጠኝ አለው) በአማካይ 5.66 ነጥብ ይቆጠርበት ነበር። ጸሐፊው «እንዲህ ያለ ቡልፔን ይዞ ማንም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ይህ ቁጥር የሚነግረን የዕድልን ታሪክ ነው ወይስ አንድ አሰልጣኝ ድክመቱን እንዴት እንደሸፈነ?

ናሽናልስ ሦስት ከፋች ወርዋሪዎች ነበሩት፤ ማክስ ሸርዘር፣ ስቲቨን ስትራስበርግ፣ ፓትሪክ ኮርቢን። በዚያ ዓመት ሦስቱ ብቻ 732 ሰው በስትራይክ አውት (መቺው ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ሲወጣ) አስወጥተዋል። አራተኛው የ35 ዓመቱ አኒባል ሳንቼዝ ነበር። መደበኛው ውድድር ላይ አንድ ከፋች በአምስት ቀን አንዴ ይወረውራል፤ በመሃሉ ያለውን ቀዳዳ የሚሞላው ቡልፔኑ ስለሆነ ድክመቱ በየቀኑ ይታያል። በኦክቶበር ግን በጨዋታዎቹ መካከል የዕረፍት ቀን አለ። ማርቲኔዝ ከፋቾቹን በዕረፍታቸው ቀን እንደ ቡልፔን አስገባቸው። ከእውነተኛው ቡልፔን ያመናቸው በጁላይ 31 ከቶሮንቶ የመጣውን ዳንኤል ሃድሰንንና ሾን ዱሊትልን ነው፤ ሌሎቹ የሚገቡት ሲቸግር ወይም ጨዋታው ካለቀለት በኋላ ነበር።

የዋይልድ ካርድ ጨዋታው የተካሄደው ዋሽንግተን ላይ ከሚልዋኪ ብሩወርስ ጋር ነበር። ሸርዘር አምስት ኢኒንግ ወርውሮ ሦስት ነጥብ ተቆጠረበት። ከሱ ቀጥሎ የገባው ግን ስትራስበርግ ነው፤ ሦስት ኢኒንግ ምንም ሳይቆጠርበት አሳለፈ። ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር በተደረገው ሁለተኛ ጨዋታ ሸርዘር በስምንተኛው ኢኒንግ ተቀይሮ ገብቶ ሦስቱንም በስትራይክ አውት መለሳቸው። በወርልድ ሲሪሱ ሰባተኛ ጨዋታ ኮርቢን ከሸርዘር ተቀብሎ ሦስት ኢኒንግ ዘጋ፤ ድሉም በሱ ስም ተመዘገበ። ስልቱ ዋጋም አስከፍሏል፤ ከዶጀርስ ጋር በሦስተኛው ጨዋታ ኮርቢን በዚሁ መንገድ ገብቶ ስድስት ነጥብ ተቆጥሮበት ናሽናልስ 10 ለ 4 ተረታ። ዕድል የሚጠብቅ አሰልጣኝ ከዚያ በኋላ ይፈራ ነበር። ማርቲኔዝ ኮርቢንን በአምስተኛው ጨዋታ እንደገና አስገባው።

ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ደግሞ ቡልፔን የሚባል ነገር እምብዛም አላስፈለገም። ሳንቼዝ ወደ ስምንት ኢኒንግ ገደማ ወርውሮ የተመታበት አንዴ፣ በማግስቱ ሸርዘር ሰባት ኢኒንግ ወርውሮ የተመታበት አንዴ፣ በሦስተኛው ስትራስበርግ 12 ስትራይክ አውት፣ በአራተኛው ኮርቢን በአምስት ኢኒንግ 12። አራት ለዜሮ። ካርዲናልስ በሙሉ ግጥሚያው የመቱት .130፣ ማለት ከመቶ ሙከራ 13 ያህል ብቻ፣ ነው፤ ይህን በሎተሪ የሚያገኝ ካለ ቁጥሩን ይንገረኝ።

አሁን ወደ ዕድሉ እንምጣ። ጸሐፊው አራት «ተአምር» ይቆጥራሉ፦ የሚልዋኪው ትሬንት ግሪሻም ከጓንቱ ሥር ያመለጠችው ኳስ፣ የዶጀርሱ አሰልጣኝ ወርዋሪዎቹን ክሌይተን ከርሾንና ጆ ኬሊን ከሜዳ ሳያወጣ መቆየቱ፣ የሃዊ ኬንድሪክ ሆም ረን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ረጅም ምት) በወርልድ ሲሪሱ ሰባተኛ ጨዋታ የፋውል ምሰሶውን (የሜዳውን ወሰን የሚያመለክተውን) ገጭቶ መግባቱ፣ የሂዩስተኑ አሰልጣኝ በዚያው ጨዋታ ኮከብ ወርዋሪውን ጌሪት ኮልን አለማስገባቱ።

የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፤ ያ ዕድል ነው። ግን ሙሉውን እንንገረው። ስምንተኛው ኢኒንግ፣ 3 ለ 1 ሚልዋኪ ይመራል፣ የሚወረውረው ጆሽ ሄደር ነው፤ በዚያ ሰሞን ከሱ የሚፈራ ግራኝ አልነበረም። ሁለት ሰው ወጥቷል፣ ሦስቱም ቤዝ (ሯጮች የሚቆሙባቸው ማዕዘኖች) ተይዟል። የ20 ዓመቱ ሶቶ ኳሷን ወደ ቀኝ ሜዳ መታት። ግሪሻም በትክክል ቢይዛት እንኳ ሁለት ሰው ገብቶ ጨዋታው 3 ለ 3 የሚሆን ይመስላል። ስህተቱ የሰጠው ሦስተኛውን ነጥብ ነው። የሄደር ውርወራ መመታቱ ግን የግሪሻም ጓንት ሥራ አይደለም።

የከርሾና የኬሊ ነገር በፍጹም ዕድል ሊባል አይችልም። ከዶጀርስ ጋር በተደረገው አምስተኛ ጨዋታ ሬንዶንና ሶቶ በስምንተኛው ኢኒንግ በተከታታይ ኳስ ሁለት ሆም ረን መትተው ጨዋታውን እኩል አደረጉ፤ በአሥረኛው ኬንድሪክ ሦስት ሰው ቤዝ ላይ ሳለ መትቶ 7 ለ 3 ጨረሰው። የተጋጣሚ አሰልጣኝ ውሳኔ ቢሳሳትም ኳሷን የሚመታው ሰው ያስፈልጋል። ምሰሶው ላይ የተገጨችውም እንዲሁ ናት። ዳኛ የሚያከራክር ነገር አልነበራትም፤ ምሰሶው ራሱ የሜዳው ክልል ነው፣ የነካው ኳስ ሆም ረን ነው። እግር ኳስ አዋቂው ጸሐፊያችን ከአግዳሚው ሥር ነጥራ የገባችን ጎል «ዕድል ናት፣ አትቆጠርም» ይላሉ? እኔ አይመስለኝም።

ኮል ያለመግባቱም ለናሽናልስ የተሰጠ ስጦታ አይደለም። ናሽናልስ ኮልን አስቀድሞ አሸንፎታል፤ ያውም ከሜይ ጀምሮ ያልተሸነፈውን፣ በዓመቱ 326 ስትራይክ አውት የነበረውን ኮል፣ በመጀመሪያው ጨዋታ፣ በራሱ ሜዳ፣ 5 ለ 4። በማግስቱ ጀስቲን ቨርላንደርን 12 ለ 3።

ዕድልን ከቆጠርን ደግሞ ሁለቱንም ወገን እንቁጠር። በወርልድ ሲሪሱ አምስተኛ ጨዋታ ቀን ሸርዘር አንገቱ ተቆልፎ ከአልጋው ለመነሳት ተቸገረ፣ ጨዋታውም በመጨረሻ ሰዓት ለጆ ሮስ ተሰጠ፤ ናሽናልስ 7 ለ 1 ተሸነፈ። በሜዳው ባደረጋቸው ሦስት ጨዋታዎች በድምሩ ያስቆጠረው ሦስት ነጥብ ብቻ ነበር። በስድስተኛው ጨዋታ ተርነር ወደ አንደኛ ቤዝ ሲሮጥ መንገድ ዘግቷል ተብሎ ወጣ፤ ያንን ፍርድ ዛሬም ድረስ የሚከላከልለት ሰው ጥቂት ነው። ማርቲኔዝ እየጮኸ ከሜዳ ተባረረ፣ በወርልድ ሲሪስ ከ1996 ወዲህ የተባረረ የመጀመሪያው አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያች ፍርድ በኋላ በዚያው ኢኒንግ ሬንዶን ሁለት ነጥብ ያስገባ ሆም ረን መታ። ስትራስበርግ እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ ወርውሮ 7 ለ 2 አለቀ። ይህ ሁሉ ክፉ ዕድል በጸሐፊው ሒሳብ ውስጥ የለም።

አንድ ቁጥር ደግሞ እዚህ ላይ ላንሳ። ናሽናልስ ከተሸነፈ ወደ ቤቱ የሚገባበት ጨዋታ አምስት ነበር። በአምስቱም ሲመራ የነበረው ተጋጣሚው ነው፤ አምስቱንም ናሽናልስ አሸነፈ። አንዴ ቢሆን ዕድል ብዬ አልፈው ነበር፤ ሁለቴም ቢሆን እጠራጠር ነበር።

«ሃርፐር መሄዱ ነው ዋንጫውን ያመጣው» የምትለዋን እግረ መንገድ። የናሽናልስ ኮከብ የነበረው ብራይስ ሃርፐር በ13 ዓመት ውል በ330 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። ናሽናልስ ከዚያ በፊት ኮርቢንን በ140 ሚሊዮን አስፈርሞ ነበር። ሄዶ ሳይሆን መጥቶ የጠቀመው ይኸኛው ነው።

ስለ ሂዩስተን ብዙ አልልም። አስትሮስ በካሜራ የተጋጣሚን ምልክት (ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንዲወረውር የሚነገርበትን) ይሰርቅ እንደነበር በኖቬምበር 2019 ወጣ፤ በጃንዋሪ 2020 ሊጉ 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፣ ኃላፊውና አሰልጣኙ ታገዱ፣ ቡድኑም አባረራቸው። ምርመራው ያረጋገጠው የ2017ንና የ2018ን ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ናሽናልስ ያሸነፈው የተጋለጠ ቡድን ነው» ማለታቸው ግራ የሚያጋባ ነው፤ ወርልድ ሲሪሱ ሲያልቅ ኦክቶበር 30 ነበር፣ ወሬው ገና አልወጣም። እንዲያውም ናሽናልስ ጥርጣሬው ስለነበረው ለየወርዋሪው ብዙ ዓይነት ምልክት አዘጋጅቶ ነው የሄደው። አጭበርባሪን ያሸነፈ ሰው ዋጋው ይጨምራል እንጂ እንዴት ይቀንሳል?

«ለኛ ለሐበሾች ምናችንም አይደለም» ለሚሉት፣ ለርሳቸው ላይሆን ይችላል። ዩ ስትሪት ላይ የአረንጓዴው መስመር ሜትሮ ውስጥ የገባ ሰው ሳይቀይር ስታዲየሙ ደጃፍ፣ ኔቪ ያርድ ላይ ይወርዳል። ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው ወገናችን በዚያ ኦክቶበር ማታ ማታ የጨዋታውን ውጤት ከተሳፋሪው ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የሚያልቅበትን ሰዓት ማወቅ ገቢው ነውና። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ደግሞ የሶቶን ስም ለማወቅ የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም። ከተማዋ ከ1924 ወዲህ የቤዝቦል ዋንጫ አላየችም ነበር፤ ከ1972 እስከ 2004 ድረስ ጭራሽ ቡድን አልነበራትም። እዚያ የሚኖር ሰው ደስታዋን ቢካፈል ምን ያስቆጫል?

የመጨረሻው ክሳቸው የኋላው ውድቀት ነው። በ2020 26 አሸንፎ 34 ተሸነፈ፣ በ2021 65 ለ 97፣ በ2022 55 ለ 107። «እውነተኛ ሻምፒዮን እንዲህ አይወድቅም» ይላሉ። ቁጥሩ ያሳዝናል፣ አልክድም። ምክንያቱ ግን በ2019 ውስጥ ተጽፎ ነበር። የዚያ ዓመት ናሽናልስ በሊጉ በዕድሜ ከገፉት ቡድኖች አንዱ ነው፤ ኬንድሪክ 36፣ ሸርዘርና ሪያን ዚመርማን 35፣ ፈርናንዶ ሮድኒ 42። ቡድኑ ለዚያ ዓመት ነው የተሠራው። ሬንዶን ወዲያው ወደ ኤንጀልስ በ245 ሚሊዮን ሄደ። የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ስትራስበርግ እዚሁ በዚያው 245 ሚሊዮን ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ከዳውና በስምንት ጨዋታ 31 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ብቻ ወርውሮ ጡረታ ወጣ። ሸርዘርና ተርነር በጁላይ 2021 ለዶጀርስ፣ ሶቶ በኦገስት 2022 ለሳን ዲየጎ ተሸጡ።

ጸሐፊው የስትራስበርግን ውል፣ ወይም ሶቶን የሸጠውን አመራር ለመውቀስ ሌላ ጽሑፍ ቢጽፉ እኔም አብሬ እፈርማለሁ። ያ ግን ከኦክቶበር 2019 በኋላ በቢሮ ውስጥ የተደረገ ነው፤ ሜዳ ላይ 12 አሸንፎ 5 የተሸነፈውን ቡድን አይመለከተውም።